ድምፅ ሳታሰማ የምትሞት መኪና

ድሮ መኪና ሲሞት ያስታውቅ ነበር። መጀመሪያ ይስላል፣ ቀጥሎ ያጓራል፣ ከዚያ ከአፍንጫው ጭስ ያወጣል። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ነገሩ ሁሉ ሥርዓት ነበረው። የኔዋ ግን ሥርዓት አታውቅም። ስትሄድም ዝም፣ ስትቆምም ዝም፣ ስትሞትም ዝም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው፣ መንገድ መሃል ቆሞ ከኋላው ኮንቴይነር የጫነ መኪና መጥቶበት አያውቅም።

ስለ እሷ ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ ሞኝነት ላውራ። ሰው ራሱን ቀድሞ ካልሰደበ ሌላው አሳምሮ ይሰድበዋል። እኔ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ውስጥ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የምኖር የትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ታጭቀን ከመጣን ወዲህ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ አንዲት አሮጌ መኪና ዐሥራ አንድ ዓመት ነድቼ፣ በክብር ለብረት ሰብሳቢ አስረክቤያለሁ። መንዳት አላውቅም የሚለኝ ሰው ቢኖር እንጣላለን። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደፊት የሚለኝ ሰው ስለሚመጣ ነው።

አሮጌዋ ስትሄድ ሌላ መግዛት ግድ ሆነ። የአማቴ የእማማ ብርቄ ዐይን ሞራ ለብሶ ረሖቮት ሆስፒታል ይመላለሱ ነበርና፣ በአውቶቡስ ሁለት ጊዜ እየወረዱ እየወጡ መሄድ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ያገለገሉ መኪኖች ወደሚሸጡበት ግቢ ሄድኩ። ሻጩ አንዲት ብርማ መኪና ፊት አቁሞኝ፣ "ይህቺ ሃይብሪድ ናት። ሁለት ሞተር አላት፤ አንዱ በቤንዚን፣ አንዱ በኤሌክትሪክ" አለኝ።

ጆሮዬ ከዚያ በኋላ የሰማው ነገር የለም። ሁለት ሞተር! በልቤ፣ "እንግዲያው አንዱ ቢታመም ሌላው ያስታምመዋል፤ በሁለት በሬ የሚታረስ መሬት ነው" አልኩ። ሁለቱ ሞተሮች እንደ ሁለት በሬ ሳይሆን እንደ ባልና ሚስት መሆናቸውን ማን ይንገረኝ? አንዱ ካኮረፈ ሌላው ወጥ አይሠራም።

መኪናዋን ይዤ ሰፈር ስገባ ባለቤቴ ትርንጎ ታች ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አጠገቧ እስክደርስ አልሰማችኝም። ጥሩምባ ስነፋ በድንጋጤ የያዘችውን የቲማቲም ፌስታል ለቀቀችው። ቲማቲሙን ከመሬት እየለቀምን፣

"ሞተሩ ጠፍቷል ወይስ ተነስቷል?" አለችኝ።

"ተነስቷል።"

"በምን ታውቃለህ?"

አሰብኩ፤ አሰብኩ። "አላውቅም" አልኳት።

እማማ ብርቄ የዚያኑ ቀን ስም አወጡላት፤ "ድዳዋ" አሏት። እኔ ገዢው ነኝና መከላከል ነበረብኝ።

"እማማ፣ ድዳ እኮ ክፉ አይናገርም" አልኳቸው።

"አዎ ልጄ። ቤት ሲቃጠልም አይናገርም" አሉኝ።

ሁለት ወር በሰላም ኖርን። ቤንዚን ቀጂውን ረሳሁት፤ እሱም ረሳኝ። በሚገባ ተኮፈስኩ። ምኩራብ ደጃፍ ላይ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ ፍሬን ሲያዝ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚመረት አስረዳኋቸው። ራሴ ሳይገባኝ ማስረዳቴን የባሰ የሚያደርገው፣ እነሱ ገባን ማለታቸው ነው።

የመጀመሪያው ሞት የሆነው በአንድ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ አስፋልቱ በሚላብበት ወር ነው። እማማ ብርቄን ለወራት ወደተጠበቀ የዐይን ቀጠሮ እያደረስኩ ነው። እሳቸው ከፊት ከጎኔ፣ ትርንጎ ከኋላ። ማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ቅዝቃዜውን እስከ ጥግ ይነፋል። አራት ቁጥር መንገድ ላይ ወጥተን፣ ከወደብ የሚመጡት የጭነት መኪኖች መሃል ገብተን እንደ ሰው እየሄድን ሳለ፣ ከፊቴ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። በውስጡ የቃለ አጋኖ ምልክት አለበት። ቃለ አጋኖ ብቻ! ምን እንደተጋነነ የሚናገር ቃል የለም።

ቤንዚን መስጫውን ረገጥኩ። እግሬ ሊጥ የረገጠ ያህል ሰጠመ፤ መኪናዋ ግን አልመለሰችልኝም። ሞተር አላጓራ፣ ጭስ አልወጣ፣ ፍጥነቷ ብቻ እንደሚያንቀላፋ ሰው ራስ ዘቅ፣ ዘቅ አለ። መስታወቱን ባይ፣ የአንድ የጭነት መኪና ግንባር መስታወቱን ሞልቶታል። ጥሩምባው የተነፋው ከኋላዬ ሳይሆን ከደረቴ ውስጥ መሰለኝ። ትርንጎ "ሽማዕ እስራኤል" ብላ ጸሎቷን ጀመረች። እኔ በቀረችኝ ሩጫ ወደ ቀኝ አወጣኋት። የጭነት መኪናው በነፋሱ እያወዛወዘን አለፈ። በእሱና በኔ መስታወት መካከል የነበረውን ክፍተት አሁንም ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል፤ የቀረው ማለቴ ነው።

እማማ ብርቄ በሞራ ዐይናቸው ወዲያ ወዲህ አይተው፣ "ደረስን?" አሉ።

"ልንደርስ ነበር" አለች ትርንጎ፤ የት እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

ግማሽ ሰዓት የመንገዱ ዳር አረም ውስጥ ቆምን። ቀጠሮው አለፈ። ከዚያ እስቲ ብዬ ቁልፉን ብጫን፣ መኪናዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳች። ቀይ ሦስት ማዕዘኑ ግን እንደበራ ነው። በቀስታ፣ ዳር ዳሩን፣ እንደ ሌባ ወደ ቤት ተመለስን።

እዚህ ላይ ነው ጋሽ አበጀ የሚገቡት። ጋሽ አበጀ ከኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ አገር ቤት ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፣ ሊማሊሞን በጭጋግ የወረዱ፣ የማያውቁት ገደል የሌለ ሰው ናቸው። ማንም ሰፈራችን ውስጥ ኮፈን ከከፈተ እሳቸው ከየትም ይደርሳሉ። ኮፈኑን ከፈቱ፤ አዩ፤ ዘጉ። የሚያውቁት ነገር እዚያ ውስጥ አልነበረም።

"ባትሪው የት ነው?" አሉ።

የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ አገላብጬ ትንሿን ባትሪ ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ጎን አገኘናት።

"ኤሌክትሪክ አናቷ ላይ ወጥቶባት ነው። ገመዱን ፍታው፤ ሌሊቱን ትረፍ፤ ጠዋት እሰረው" አሉኝ።

ፈታሁ። ጠዋት አሰርኩ። ሦስት ማዕዘኑ ጠፋ! መኪናዋ እንደ ሙሽራ ሆነች። ጋሽ አበጀ በመስኮት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሊማሊሞ ሰው ምን ይሳነዋል በሚል ዓይነት።

ቢሆንም ትርንጎ "ሙሳኽ ካልወሰድካት እናቴም እኔም አንሳፈርም" አለች። ሃይብሪድ የሚጠግነው ባለ ፈቃዱ ሙሳኽ፣ ጋራዡ፣ ከከተማው ዳር ነው፤ መኪናዋም ገና ዋስትና ላይ ናት። ወሰድኳት። መናሄሉ፣ የቦታው ኃላፊ፣ ኮቢ የሚባል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እጁ ላይ ዘይት ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው። ኮምፒውተር ሰኩባት። ኮምፒውተሩ ምንም የለም አለ።

"ምንም የለም" አለኝ ኮቢ።

"መንገድ መሃል ሞታለች እኮ!"

ኮቢ ድምፁን ከፍ፣ አነጋገሩን ደግሞ ዝግ አደረገ፤ ለሕፃን መድኃኒት እንደሚሰጥ ሰው። "ወን-ድሜ። ይህቺ መኪና በተፈጥሮዋ ዝም-ተኛ ናት። ራምዞር ላይ ቀይ መብራት ይዟት ስትቆም ሞተሯ ይጠፋል። ሞተ ማለት አይደለም። ገባህ?"

"ራምዞር አልነበረም። አራት ቁጥር መንገድ ነው።"

"እናንተ ይህን ዓይነት መኪና አልለመዳችሁም፤ ችግር የለውም፣ ሳቭላኑት፣ ትዕግሥት ይኑርህ" ብሎ አንድ ሥዕላዊ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ ፈገግ ያለ ቤንዚን ከፈገግ ያለ ኤሌክትሪክ ጋር ተቃቅፏል።

እናንተ ማለት እነማን እንደሆንን አልጠየቅሁትም። ዕብራይስጤ ሰባራ ነው፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ያን ቀን ዝም ብዬ ወጣሁ። እኔም እንደ መኪናዬ ነበርኩ።

ሁለተኛው ሞት ደግሞ በሕዝብ ፊት ሆነ። የትርንጎ የአጎት ልጅ ሮቫ ቴት ቫቭ አዲስ ቤት ገብቶ፣ ከእማማ ብርቄ ጋር ምርቃት ተጠርተናል። ማክሰኞ ነው፤ ደግሞም ቀትር። ሮቫ ቴት ቫቭ እንደምታውቁት ሁሉ ነገሩ አዲስ ነው፤ ሰዉ አዲስ፣ ዛፉ አዲስ፣ አደባባዩ አዲስ። አደባባዩ መሃል፣ ግማሽ ዙር ላይ፣ ሦስት ማዕዘኑ በራ። ድዳዋ ቆመች። ሰንበትን የማታውቅ መኪና ማክሰኞን አከበረች!

በአራቱም አቅጣጫ ጥሩምባ ተነፋ። አሽዶድ ውስጥ የቆመ መኪና አጠገብ ምክር የሌለው ሰው አያልፍም። አንዱ "ቤንዚን አልቆብሃል" አለ። አንድ ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌ መኪናዋ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁን። አንዲት ሴትዮ "ጥፋ፣ ጥፋ ከመንገድ!" አለች፤ ብንችል ያንን አልጠላንም ነበር። ትርንጎ አዲሱን ነጭ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ ከኋላ መግፋት ጀመረች። እኔ በመስኮት መሪውን ይዤ እገፋለሁ።

"ሁለት ሞተር አላት አላልከኝም?" አለችኝ እያለከለከች።

"አላት።"

"አሁን ሦስተኛው እኔ ነኝ ማለት ነው።"

ምርቃቱ ላይ ስንደርስ ምግቡ ተበልቶ ዘፈኑ አልቆ ሰዉ ስለ መኪናችን ያወራል። ከኛ በፊት ወሬያችን ደርሷል።

ያን ቀንም መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ተነሳች፤ እኔም ቤት ስደርስ፣ አሁንማ ባለሙያ ሆኛለሁና ጋሽ አበጀን ሳልጠራ በራሴ እጅ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። ጠዋት አሰርኩ። ሦስት ማዕዘኑ ጠፋ። ሙሳኽ ወሰድኳት። ኮምፒውተሩ ምንም የለም አለ።

ኮቢ በዚህኛው ጊዜ ወንበር እንኳ አልሰጠኝም። "ምናልባት በሁለት እግርህ ሁለቱንም ፔዳል አብረህ ትረግጣለህ" አለኝ። "ምናልባት የእግር ምንጣፉ እየገባብህ ነው።" አዲስ ምንጣፍ አምጥቶ ሰጠኝ። ከመስታወቱ ላይ የሚንጠለጠል የሎሚ ሽታ ያለው ካርቶንም ጨመረልኝ። ሞት የሚሸተው ሰው ሎሚ ተሰጠው።

ምንጣፉን በብብቴ ይዤ ወደ መኪናዋ ስሄድ ከኋላዬ አንድ ሰው "ፕስስ" አለ። ግሪሻ የሚባለው መካኒክ ነው፤ ከሩሲያ የመጣ፣ ፂሙ ከሲጋራ ብዛት ቢጫ የሆነ ትልቅ ሰው። የሱ ዕብራይስጥ ከኔ ይሰበራል፤ ስለዚህ ፍጹም ተግባባን። ሁለት ሰባራ ሲገናኝ አንድ ሙሉ ይወጣዋል።

"የመኪናህ ሰዓት ለምን ሁልጊዜ ከአንድ ይጀምራል?" አለኝ።

"የምን ሰዓት?"

"ዳሽቦርዱ ላይ ያለው። ሁለቴ መጣህ፤ ሁለቴም ሰዓቱ ትክክል አይደለም። ባትሪውን ማን ነው የሚፈታው?"

በኩራት፣ "እኔ ነኝ" አልኩ። "አሳርፋታለሁ።"

ግሪሻ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። አየኝ። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከዚያ በፊት ያየሁት፣ አዲስ አበባ ሳለሁ የፈተና ወረቀቴን ሳልጽፍበት ያስረከብኩ ጊዜ አስተማሪዬ ላይ ነው።

"መኪናዋ ስትሞት የገደላትን ስም ትጽፋለች" አለኝ በቀስታ። "ኮምፒውተሩ የሚያነበው እሱን ነው። አንተ ሌሊት ባትሪውን እየፈታህ ጽሑፉን ታጠፋዋለህ። ምስክርህን በእጅህ እየገደልክ፣ ጠዋት ዳኛ ዘንድ ትመጣለህ።"

ምንጣፉን አንጥፌ ልቀመጥበት ምንም አልቀረኝም።

ግሪሻ የሚገምተውን ነገረኝ። የኤሌክትሪኩን ኃይል ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፍ ሣጥን አለ፤ እሱን የሚያቀዘቅዝ ውሃ የምትገፋ፣ ብርቱካን የምታህል ፓምፕ አለች። ፓምፗ ከተኛች ሣጥኑ ይግላል፤ ሣጥኑ ሲግል መኪናዋ እንዳትቃጠል ብላ ራሷን ታጠፋለች። ስትቀዘቅዝ ትነሳለች። "ግን ኮምፒውተሩ ካልጻፈ መክፈት አይፈቀድልኝም" አለ። "ኮቢ ያላየውን አያምንም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

ግሪሻ ወዲያ ወዲህ አየ። "በሱ እጅ ትሙት" አለኝ።

እቤት ሄጄ ለትርንጎ ሞኝነቴን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ያ የጭነት መኪና ትዝ ሲላት ሳቋ ቆመ። "አንተ ሞኝ ነህ" አለች። "እነሱ ግን ሞኝ ነህ ብለው አይደለም የመለሱህ። መንዳት አታውቅም ብለው ነው። ሁለቱ ይለያያል።"

ይለያያል። ሞኝነት የኔ ነው፤ በገዛ እጄ ያመጣሁት፣ ማንም የማይወስድብኝ ንብረቴ። መንዳት አለማወቅን ግን ማንም አይጭንብኝም።

በማግስቱ፣ ባትሪዋን ሳልነካ፣ ድዳዋን ሙሳኹ ድረስ ነድቼ መካኒኮቹ የሚሠሩበት ቦታ መሃል አስገብቼ አቆምኳት። ሞተሩን አጠፋሁ። በሮቹን ከውስጥ ቆለፍኩ። መስኮቱን አራት ጣት ከፈትኩ። ኮቢ እየሮጠ መጣ።

"ምን ማለት ነው ይሄ? ቀጠሮ አለህ?"

"የለኝም። አብረን ወጥተን፣ አንተ ነድተሃት፣ ካልሞተች እመርቅሃለሁ። እስከዚያ እዚህ ነኝ።"

"ቦታውን ዘግተሃል! ፖሊስ እጠራለሁ!"

"ጥራ። እነሱንም አራት ቁጥር መንገድ ላይ አንሸራሽራቸዋለሁ።"

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ መኪኖች ተሰለፉ። እኔ ከቤት ያመጣሁትን ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል አውጥቼ በላሁ። ዕንቁላሉን መላጥ ረጋ ያለ ሥራ ነው፤ ሰው ሲያይህ የበለጠ ይረጋል። ግሪሻ ከሩቅ መፍቻ እየጠረገ ወደ ጣሪያው ያያል። አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ። ኮቢ መጨረሻ ላይ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ "ዐሥር ደቂቃ፣ ከዚያ አላይህም" ብሎ መሪውን ያዘ።

ሄድን። ድዳዋ እንደ በግ ሄደች። እንደ በግ ብቻም አይደለም፤ እንደ አዲስ ምራት፣ ረጋ ብላ፣ ትሑት ሆና፣ ዐይኗን ሰብራ። እንዲህ አምሮባት አይቻት አላውቅም። ሰድቤያት የማላውቀውን ስድብ በልቤ አወረድኩባት። ኮቢ እያፏጨ ተመለሰ።

"እንግዲህ?" አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር። ያን ቀን ግን አንገቴ እምቢ አለ።

"ጠዋት ነው" አልኩት። "ቀዝቃዛ ነው። ማዝጋን አላበራህም። ሁለት ሰው ነን። እኔ ላይ ስትሞት ቀትር ነው፣ ማዝጋን በርቷል፣ መኪናው ሙሉ ነው። ያንኑ አድርገህ ንዳ።"

"መኪናውን የሚሞላ ሰው ከየት ላምጣ?"

ስልኬን አወጣሁ። ትርንጎ ስትሰማ፣ "እናቴን ለመኪና መፈተኛ? አብደሃል?" አለች፤ እውነቷን ነው፣ አሁን ሳስበው አብጄ ነበር። ግን ከጀርባዋ የእማማ ብርቄ ድምፅ መጣ፤ "ምስክር ነው የጠራው! እኔ አይደለሁ እንዴ ያየሁ?" ምን እንዳዩ እግዚአብሔር ይወቅ፤ ዐይናቸው ሞራ ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአውቶቡስ መጡ። ሙሳኹ ሲገቡ ሠራተኛው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። እማማ ብርቄ ከፊት ካልሆነ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ስለዚህ ከኮቢ ጎን ተቀመጡ። ኮቢ ምንም እንደማይፈጠር እርግጠኛ ነበርና እንደ ቀልድ ቆጥሮት ቀበቶአቸውን ራሱ አሰረላቸው።

ቀትር ነው። ማዝጋኑ እስከ ጥግ። አራት ቁጥር መንገድ ላይ ወጣን። ከኋላ እኔና ትርንጎ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀምጠናል።

"ልጆች አሉት?" አሉ እማማ ብርቄ። ተረጎምኩ።

"ሁለት" አለ ኮቢ።

"ይባረኩ። በምን መኪና ነው የሚሄዱ?"

ኮቢ ሳቀ። "በዚችው ዓይነት። ሚስቴ ናት የምትነዳው። በጣም ጥሩ መኪና ናት፣ እማማ።"

ይህን ብሎ አፉን ሳይገጥም ሦስት ማዕዘኑ በራ።

እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ለዚህ ቀን ስንት ዓይነት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር መሰላችሁ! አንዱም አልመጣልኝም። ኮቢ ቤንዚን መስጫውን ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነሳ። ከኋላችን የጭነት መኪናው ጥሩምባ መጣ፤ ያው ረጅሙ፣ ያው ደረት ውስጥ የሚገባው። ኮቢ ወደ እኔ ዞረ። ያ ሁሉ ማስረዳት፣ ያ ሁሉ ወን-ድሜ ከፊቱ ላይ ረግፏል።

"ምን ላድርግ?" አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ፤ መልሱንም ጠበቀ።

"አራቱን ፍሬቻ አብራ። ፍሬን አትንካ። በቀረላት ሩጫ ወደ ቀኝ አውጣት" አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ የሞተ ሰው ልምድ አለው።

አወጣት። የጭነት መኪናው አለፈ፤ መኪናችን ተወዛወዘች። እማማ ብርቄን ደግፈን ከብረት አጥሩ ወዲያ፣ አረሙ ውስጥ አወጣናቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣

"በልልኝ" አሉኝ። "በተፈጥሮዋ ዝምተኛ ናት በልልኝ።"

ልተረጉም አፌን ከፈትኩና ኮቢን አየሁት። አጥሩን ተደግፎ ስልኩን ለመጫን ይሞክራል፤ ጣቱ ቁጥሩን ይስታል። ጎታች መኪና የሚጠራ መስሎኝ ነበር። ሲገናኝለት፣

"የት ነሽ?" አለ። "ልጆቹ ከአንቺ ጋር ናቸው? ስሚኝ፤ መኪናዋን አቁሚያት። አይ፣ አሁን። ታክሲ ያዢ። በኋላ እነግርሻለሁ። አቁሚያት ብቻ።"

አልተረጎምኩም። እማማ ብርቄም ቋንቋውን ሳይሰሙ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ሄደው ትከሻውን ዳበሱት። "አይዞህ" አሉት በአማርኛ። ለካ እሱም ገባው።

ግሪሻ ከጎታቹ ጋር መጣ። ማንም ባትሪ ሳይነካ ኮምፒውተሩን እዚያው መንገድ ዳር ሰካ። መኪናዋ የገደላትን ስም ጽፋ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ወደ ታች ሰደደ፤ ፓምፗን ነካት። አትሽከረከርም። ግሪሻ ወደ ኮቢ አላየም፤ ወደ እኔም አላየም። ሲጋራውን ለኮሰና፣ "ይኸው ብርቱካንህ" አለ።

ጋሽ አበጀ ይህን ሲሰሙ፣ "እኔም ሙቀት ነው ብዬ ነበር" አሉ። ሊማሊሞን የወረደ ሰው አይሸነፍም፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

ፓምፗን ለወጧት። ኮቢ ደግሞ አንድ ነገር አደረገ፤ ይህን ካልተናገርኩ ኃጢአት ይሆንብኛል። ከበላይ ሳይታዘዝ፣ እሱ ሙሳኽ የሚጠገኑትን የዚያኑ ዓይነት መኪና ባለቤቶች አንድ በአንድ በስልክ እየጠራ ፓምፓቸውን አስፈተሸ። የመጀመሪያዋ የሚስቱ ነበረች። ስንቱ ላይ ችግር እንዳገኘ አልነገረኝም። ግሪሻ ግን እኔን ባየ ቁጥር ጣቱን እያነሳ መቁጠር ጀምሮ ይተወዋል።

መኪናዬን ልወስድ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ጠበቀኝ። መኪናዋን ከሚያስመጣው ኩባንያ ዋና ቢሮ የተላከ ነው። የተቀመጠችው ጸሐፊ ጣቷን ከታች አድርጋ፣ "እዚህ ፈርም" አለችኝ። እኔ ወረቀት ሳላነብ መፈረም የተውኩት የመጣን ሰሞን ነው፤ በዚያን ጊዜ የፈረምኩትን ዛሬም እየኖርኩት ነው። መነጽሬን አውጥቼ እየተንተባተብኩ አነበብኩ። "በደንበኛው ቅሬታ መሠረት መኪናው ተመርምሯል፤ ደኅንነትን የሚጎዳ ብልሽት አልተገኘም፤ ክፍሉ የተቀየረው በበጎ ፈቃድ ነው፤ ደንበኛውም በዚህ ይስማማል" ይላል።

ኮቢን ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ቀላ። "ከላይ ነው የመጣ" አለ። "እኔ አልጻፍኩትም። ካልተፈረመ መኪናው እንዳይወጣ ብለዋል።"

"ደንበኛው አስተያየት የሚጽፍበት ቦታ አለው?"

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገለበጠች። "ጀርባው ላይ። ግን ማንም አይጽፍም።"

ተቀመጥኩ። እስክሪብቶ ለመንኩ። ዕብራይስጤ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም፤ ለመለመን ይበቃል፣ ለመናገር አይበቃም። ስለዚህ በአማርኛ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ማክሰኞ ጀመርኩ። የጭነት መኪናውን ጻፍኩ፤ የእማማ ብርቄን ያለፈ ቀጠሮ ጻፍኩ፤ ትርንጎ በባዶ እግሯ አደባባይ ላይ መግፋቷን ጻፍኩ፤ ባትሪውን የፈታሁት እኔ መሆኔንም አልደበቅኩም። ኮቢ ለሚስቱ ስልክ ደውሎ ያለውን ቃል በቃል አሰፈርኩ። ጀርባው አልበቃኝ ብሎ ሌላ ወረቀት ተቀበልኩ። ከታች "በዚህ እስማማለሁ" ብዬ ፈረምኩ።

ጸሐፊዋ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ምን ይላል?"

"ከፊት ያለው ውሸት ነው ይላል።"

"እኔ እንዴት አውቃለሁ?"

"ያስተርጉሙት።"

ኮቢ ወረቀቶቹን ከእጇ ወሰደ። የሚቀድዳቸው መስሎኝ ተነሳሁ። አልቀደዳቸውም፤ ሁለቱን በስቴፕለር አያይዞ፣ በፖስታ አድርጎ፣ በራሱ እጅ አድራሻ ጻፈበት። ከዚያ ቁልፌን ሰጠኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የማላውቃት፣ ድምፅዋ ወጣት የሆነች የኛው አገር ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ከመኪናው ኩባንያ ወረቀት ልከውልኝ እየተረጎምኩላቸው ነው" አለችኝ።

"ጎሽ የኔ ልጅ። ያልተነበበልሽ ፊደል አለ?"

"የለም፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። እናቴም አነበበችው፤ አክስቴም።" ሳቋን ዋጠች። "ላስቸግርዎት ነው፤ ኩባንያው አንድ ነገር ጠይቂልን ብሎ ነው።"

"ምን አሉ?"

"በጣም ረዘመ ይላሉ። ከሁለት ገጽ ወደ ሁለት መስመር ማሳጠር ይቻላል ወይ ነው የሚሉት። ደንበኛው በተሰጠው አገልግሎት ረክቷል በሚል ዓይነት።"

ከበሩ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። እስኪያበቃ ጠበቅሁ።

"አይቻልም በያቸው" አልኳት። "አንዲት ቃል ከነኩ ደግሞ ሦስተኛ ገጽ እጽፋለሁ።"